የኢሚግራንት ቪዛ ከጉዞ በፊት ጊዜው ሊያልፍ ሲቃረብ መደረግ ስለሚገባው

ከደምበጫ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ነጋዴዎች መካከል በቤተ ሰብ ጥሪ ወይም በዲቪ ዕጣ ወደ አሜሪካ የሚያስገባውን የኢሚግራንት ቪዛ ከተቀበለ በኋላ፣ በመጋዘን ያለው በርበሬ እስኪሸጥና በዱቤ የወጣው ገንዘብ እስኪሰበሰብ እያለ ጉዞውን ከወር ወደ ወር የሚያስተላልፍ ይገኛል። ነጋዴ ዕቃውን በርካሽ ጥሎ መሄድ አይወድም፤ አይፈረድበትምም። ነገር ግን ቪዛው እንደ ዕቃው ገበያ እስኪነሣ የሚጠብቅ አይደለም።

በውጭ ንግድ የሠራ ሰው ነገሩን ከሌተር ኦፍ ክሬዲት ጋራ ቢያነጻጽረው በቶሎ ይገባዋል። ሌተር ኦፍ ክሬዲት የመጨረሻ ቀን አለው፤ ሆኖም መርከብ የዘገየበት ላኪ ከገዢው ጋራ ተስማምቶ በባንኩ በኩል ቀኑን ሊያስረዝም ይችላል። የኢሚግራንት ቪዛ ግን ቀኑ አይራዘምም። ያለው መንገድ አዲስ ቪዛ መጠየቅ ብቻ ሲሆን፣ ይኸውም እንደ ቪዛው ዓይነት አንዳንድ ጊዜ ይቻላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከቶ አይቻልም።

ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑን በትክክል ማንበብ ያስፈልጋል። የኢሚግራንት ቪዛ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ቢበዛ ለስድስት ወር ነው። ዘመኑ ከጤና ምርመራው ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ምርመራው ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል ሰው፣ ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት የታየበት፣ ያነሰ ጊዜ ይሰጠዋል። ስለዚህ ጎረቤት ስድስት ወር አግኝቷልና የእኔም ያው ነው ማለት ስሕተት ነው። ቀኑም የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ማርች 5 የሚለውን መጋቢት 5 ነው ብሎ የያዘ ሰው ዘጠኝ ቀን ይከስራል፤ ማርች 5 በእኛ የካቲት 26 ነውና።

ደግሞም ይህ ቀን ከቦሌ የሚነሡበት ቀን አይደለም። ተጓዡ አሜሪካ ደርሶ በመግቢያው በር ላይ ካለው ሹም ፊት የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን ነው። በመጨረሻው ቀን ማታ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በማግሥቱ ዋሽንግተን የሚደርስ ሰው ቪዛው አልፎበት ይደርሳል። የጎጃም ሰውማ መንገዱንም ጨምሮ ማስላት አለበት። በደኅና ጊዜ ከደምበጫ በማለዳ የተሳፈረ ሰው በደብረ ማርቆስ አልፎ፣ ከደጀን የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ፣ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ ግን መንገዱ ስንት ጊዜ እንደ ተዘጋና የስልክ ኢንተርኔት ስንት ወር እንደ ተቋረጠ የአገሩ ነጋዴ ያውቀዋል። ለአውሮፕላን ሦስት ቀን ሲቀረው ከደምበጫ የሚነሣ ሰው በዕድል ላይ የሚነግድ ነው።

ቤተ ሰብ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለበት። ቪዛው በዋናነት የተሰጠው ሰው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ ወይም ከእነርሱ ቀድሞ መግባት ይገባዋል፤ እርሱ ሱቁን ሲዘጋ እነርሱ ይቅደሙ የሚለው አሳብ አይሠራም። በወላጆቹ ቪዛ ተከታይ የሆነ ልጅ ካላገባ ነው የሚገባው። ልጃችን ሳትሄድ ጥር ላይ እንዳራት ብለው ሠርግ የሚደግሱ ወላጆች፣ ሳያውቁት ቪዛዋን በሠርጉ ቀን ያስቀሩባታል። ሃያ አንድ ዓመት የሚሞላው ልጅ ቪዛም ከልደቱ ቀን በፊት የሚያልቅ ሆኖ ሊሰጥ ስለሚችል፣ የእያንዳንዱን ሰው ቪዛ ለየብቻው ማንበብ ያሻል።

ቀኑ ሳያልፍ መድረስ የሚቻል ከሆነ፣ ንግዱ ባያልቅም መሄዱ ይሻላል። ሲገቡ ማኅተም የተመታበት ቪዛ ለአንድ ዓመት የነዋሪነት ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ ተጓዡ በቀኑ ገብቶ፣ ኑሮውን እዚያ ማደላደል ጀምሮ፣ ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ ሒሳቡን ሊዘጋ ይችላል። ይሁንና ከአንድ ዓመት በላይ በውጭ የሚቆይ ሰው፣ ገና አሜሪካ ሳለ የመመለሻ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ኑሮውን ጎጃም አድርጎ ለይስሙላ ብቻ የሚመላለስም ነዋሪነቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

መድረስ የማይቻል ከሆነ ግን ቀኑ ከማለፉ በፊት ቪዛውን ለሰጠው ኤምባሲ፣ ለኢሚግራንት ቪዛ ክፍል፣ በጽሑፍ ማስታወቅ ነው። በደብዳቤው ላይ ስም፣ የጉዳይ ቁጥርና የፓስፖርት ቁጥር ይጻፋል፤ ያገደውም ምክንያት ከማስረጃው ጋራ ይቀርባል። የሐኪም ወረቀት ወይም የተሰረዘ የአውሮፕላን ቲኬት ከረጅም ልመና ይበልጣል። ያልተሠራበት ቪዛ ይመለሳል፤ ክፍያው እንደገና ይከፈላል፤ የጤና ምርመራውም ጊዜው ካለፈ ይታደሳል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ሚስት፣ ባል፣ ወላጅ ወይም ያላገባ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ቪዛው በዓመታዊ ቁጥር ስላልተወሰነ ነገሩ ይቀልለታል። ቁጥሩ በተወሰነ ዓይነት የሚሄድ ግን ያልተጓዘው ከአቅሙ በላይ በሆነ፣ እርሱም ጥፋተኛ ባልሆነበት ምክንያት መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል። በርበሬው አልተሸጠልኝም ማለት ለነጋዴ ትልቅ ምክንያት ነው፤ በቆንስሉ ዘንድ ግን ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም።

ከሁሉ የሚከፋው የዲቪው ነው። የአሜሪካ የበጀት ዓመት በሴፕቴምበር 30 ይዘጋል፤ ይኸውም መስከረም 20፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግሥት ደግሞ መስከረም 19 ነው። እስከዚያ ቀን የተሰጠ ቪዛ በላዩ እስከ ተጻፈው ቀን ያገለግላል፤ ካለፈ ግን ከዚያ የበጀት ዓመት በኋላ ምትክ አይሰጥበትም። ዕጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ምትክ የሚፈቀድለትም ሰው ቢሆን ወዲያው አገኛለሁ ብሎ መተማመን የለበትም። በኮሮና ዘመን፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባወጡት አዋጅ የብዙ ዓይነት ኢሚግራንቶች መግባት ታገደ። በዚያን ጊዜ ያላለፈ ቪዛ በእጁ የነበረ ሰው ከእገዳው ነጻ ሲሆን፣ ቪዛውን አሳልፎ ምትክ የሚጠይቅ ግን ብዙውን ጊዜ በሩ ተዘግቶ ጠበቀው፤ አዋጁ የተሻረው የካቲት 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለው እገዳ በሌላ ጊዜም ስለሚመጣ ቲኬት ከመግዛት በፊት የወቅቱን ደንብ ከኤምባሲው መረዳት ያስፈልጋል።

ነጋዴውን የሚያስዘገየው ብዙውን ጊዜ የሚተካው ሰው ማጣቱ ነውና፣ ቪዛው ገና ሲጠየቅ ውክልናውን ማዘጋጀት ይጠቅመዋል። በዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያገለግላል፤ ኪራይ ለመሰብሰብና ዱቤ ለመቀበል ይበቃል። ቤቱን ወይም መጋዘኑን ለመሸጥ ግን ይህንኑ ለይቶ የሚናገር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ወንድም በጠቅላላ ውክልና ቤት ሊሸጥ ቢነሣ ይመለሳል፤ ባለቤቱም ያን ጊዜ ባሕር ማዶ ነው።