ወናፍ ያለው ካሜራ፦ ጥቃቅን ነገሮችን አጉልቶ የማንሣት ፊዚክስ

ወናፍ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የአንጥረኛውን ነው፤ ከቆዳ ተሠርቶ ፍሙን የሚያናፋውን መሣሪያ። ካሜራም የራሱ ወናፍ አለው። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ብዙ ካሜራዎች ሌንሱን ከፊልሙ የሚያራርቅና የሚያቀራርብ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍና ብርሃን የማያስገባ ክፍል ነበራቸው። ይኸው ክፍል ለብቻው ተሠርቶ በካሜራውና በሌንሱ መካከል ሲገባ ጥቃቅን ነገሮችን አጉልቶ ለማንሣት ያገለግላል። በዚህ ጽሑፍ ወናፉ እንዴት እንደሚያጎላና ለማጉላቱ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል እንመለከታለን።

ለምሳሌ የምንወስደው የቡና ፍሬ ሰርሳሪ ጢንዚዛን ነው። ለነቀምቴና ለጨለለቂ አንባቢ ቡና ሩቅ ነገር አይደለም፤ የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምት» ተብሎ የሚታወቀውም በነቀምቴ ስም ነው። ሴቷ ጢንዚዛ ርዝመቷ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ፍሬውን በጫፉ በኩል በስታ ትገባና እንቁላሏን ትጥላለች፤ እጮቹም ዘሩን ከውስጥ ይበሉታል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ድረስ የጅማ አካባቢ ቅዝቃዜ ጢንዚዛዋ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ እንድታፈራ አይፈቅድም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሙቀቱ በመጨመሩ አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ልታፈራ ትችላለች። ስለዚህ በከፍታ ቦታ የተበሳ ፍሬ ሲገኝ በሺዋ ማን እንደሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ካለ ወደ ጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ወደ ሌላ ባለሙያ መላክ ይቻላል።

ወናፉ እንዴት ያጎላል?

አንድ ሌንስ ሩቅ ያለን ነገር ሲመለከት ምስሉ የሚያርፈው ከሌንሱ በስተኋላ በትኩረት ርቀቱ ላይ ነው። ነገሩ ወደ ሌንሱ በቀረበ መጠን ምስሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እየተለቀም ይሄዳል። ወናፉ ለዚህ የሚያስፈልገውን ቦታ ይሰጣል እንጂ በውስጡ አንዳችም መስተዋት የለውም። ሌንሱ ለሩቅ እይታ እንደተስተካከለ ከሆነ የሚከተለው ስሌት ይሠራል፦

የማጉላት መጠን = የወናፉ ርዝማኔ ÷ የሌንሱ የትኩረት ርቀት

የትኩረት ርቀቱ 50 ሚ.ሜ. የሆነ ሌንስ ይዘን ወናፉን 150 ሚ.ሜ. ብንዘረጋው የማጉላት መጠኑ 3 ይሆናል። 1.7 ሚ.ሜ. የምትረዝም ጢንዚዛ በሴንሰሩ ላይ 5.1 ሚ.ሜ. ያህል ምስል ትሠራለች ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጢንዚዛዋ ከሌንሱ የምትርቀው 67 ሚ.ሜ. ገደማ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዋጋ፦ ብርሃን

ሌንሱ ከሴንሰሩ በራቀ ቁጥር ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ይሰራጫል። የሚያስፈልገው ብርሃን የሚጨምረው በማጉላት መጠኑ ላይ 1 ተደምሮ ውጤቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ቁጥር ነው። በምሳሌያችን 3 ሲደመር 1 አራት ነው፤ አራት በራሱ ሲባዛ 16 ይሆናል። ስለዚህ በሴኮንድ 1/60ኛ ይነሣ የነበረ ፎቶግራፍ አሁን ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ትንሽ ነፋስ ወይም የእጅ ንቅናቄ ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ ምክንያቱም እንቅስቃሴውም ሦስት እጥፍ ይጎላል።

ሁለተኛው ዋጋ፦ የጥራት ጥልቀት

የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ጥርት ብሎ የሚታየውን ጥልቀት ይጨምራል። ይሁን እንጂ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይንሰራፋል፤ ይህ ዲፍራክሽን የሚባለው ክስተት ነው። በሴንሰሩ ላይ እስከ 0.03 ሚ.ሜ. የሚደርስ ብዥታን እንደ ጥራት ወሰን ብንወስድ፣ በማጉላት መጠን 3 የሚከተለውን እናገኛለን፦

የቀዳዳ ቁጥር 4፦ ጥልቀት 0.11 ሚ.ሜ.፣ የዲፍራክሽን ነጥብ 0.021 ሚ.ሜ.
የቀዳዳ ቁጥር 8፦ ጥልቀት 0.21 ሚ.ሜ.፣ የዲፍራክሽን ነጥብ 0.043 ሚ.ሜ.
የቀዳዳ ቁጥር 16፦ ጥልቀት 0.43 ሚ.ሜ.፣ የዲፍራክሽን ነጥብ 0.086 ሚ.ሜ.

እንደምናየው ቀዳዳውን ወደ 16 ማጥበብ ጥልቀትን የሚሰጥ ቢመስልም፣ ጢንዚዛዋን ለመለየት የሚረዱትን በጀርባዋ ያሉ ደቃቅ ፀጉሮች ያጠፋብናል። የሚሻለው ቁጥር 4ን ይዞ ካሜራውን በየ0.08 ሚ.ሜ. እያስጠጉ ደጋግሞ ማንሣትና የየፎቶግራፉን ጥርት ያለ ክፍል በኮምፒዩተር ማዋሐድ ነው። የጢንዚዛዋ ውፍረት 0.7 ሚ.ሜ. ቢሆን ዘጠኝ ያህል ፎቶግራፎች ይበቃሉ።

በተግባር

1. ካሜራውን በጠንካራ መቆሚያ ላይ ማሰር፤ ነገሩ ሕይወት ያለው ከሆነ በፍላሽ ማንሣት ይመረጣል።
2. የማጉላት መጠኑ ከ1 ሲበልጥ ተራውን ሌንስ አዙሮ መግጠም። ሌንሱ የተሠራው የፊቱ ርቀት ከኋላው እንዲበልጥ ታስቦ ነው፤ እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል።
3. ወናፉን ቀስ ብሎ መዘርጋት። እንደ አንጥረኛው ወናፍ ሁሉ አየር ይስባል፤ ከአየሩም ጋር አቧራ ወደ ሴንሰሩ ይገባል።
4. ወናፍ ከሌለ ውስጡ በጥቁር ወረቀት የተለበጠ የካርቶን ቱቦ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ርዝማኔው አለመለዋወጡ ብቻ ነው ልዩነቱ።

መልመጃ፦ በ150 ሚ.ሜ. ወናፍ ላይ የትኩረት ርቀቱ 100 ሚ.ሜ. የሆነ ሌንስ ብንገጥም የማጉላት መጠኑ ስንት ይሆናል? የሚያስፈልገው ብርሃንስ በስንት እጥፍ ይጨምራል? ርዝመቷ 1 ሚ.ሜ. የሆነ የጤፍ ቅንጣት በሴንሰሩ ላይ ምን ያህል ምስል ትሠራለች?