ሙያ አደራ ነው፤ በሰው አገር ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተጻፈ ትምህርት

እግዚአብሔር አምላካችን አዳምን ከፈጠረው በኋላ በኤደን ገነት ያኖረው ፍሬዋን እየበላ እንዲኖር ብቻ አልነበረም፤ እንዲሠራባትና እንዲንከባከባት ጭምር ነበር እንጂ። ይህም በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ቁጥር 15 ተጽፎ ይገኛል። ልብ አድርገን ብንመለከተው ይህ ትእዛዝ የተሰጠው ከውድቀት በፊት ነው። ድካሙና ላቡ ከበደል በኋላ የመጣ ቅጣት ቢሆንም፥ ሥራው ራሱ ግን ከበደል በፊት የተሰጠ ክብር ነው። ስለዚህ በእጁ ሠርቶ የሚበላ ክርስቲያን በመጀመሪያው ሰው ክብር ይሳተፋል።

ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ ሥራ ሁሉ ለመናገር አይደለም፤ ከተወለደበት ቀዬ ወጥቶ፥ በሰው አገር ሙያ ተምሮ፥ በእጁ ጥበብ ስለሚኖረው ሰው ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ከተሞች እንዲህ ያሉ ሰዎች የተሰበሰቡባቸው ናቸው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይዘን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስንወርድ የምናገኛት፥ የቦርከና ወንዝ የሚያልፍባት ወይና ደጋ ናት። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ዘመን ብዙ የወሎ ሰው ቤቱን ዘግቶ በእነዚህ መንገዶች ላይ ፈሰሰ። በሰላሙም ዘመን ቢሆን፥ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ከተተከሉ ወዲህ፥ ይልቁንም በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ፥ ከደላንታና ከመቅደላ፥ ከለጋምቦና ከወረኢሉ የሚመጣው ወጣት አልተቋረጠም። ፋብሪካ ያልገባውም ግንበኛ፥ አናጢ፥ በያጅ ወይም ልብስ ሰፊ ሆኖ ይኖራል።

ከእነዚህ አንዱ፥ የአባቱ መሬት ለወንድማማቾቹ አልበቃ ብሎ በ17 ዓመቱ ከደላንታ ወደ ደሴ የመጣ ግንበኛ፥ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርቦ ሁለት ነገር ጠየቀን። ጥያቄው ለብዙዎች ይጠቅማል ብለን ስላሰብን፥ እርሱን አስፈቅደን፥ ስሙንም ሳንጠራ እነሆ እንጽፈዋለን። ነገሩን እንዲህ ሲል ጀመረ።

«አባታችን፥ ደሴ ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ፥ እስላም ናቸው፥ ድንጋይ አቀባይ አድርገው ተቀበሉኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ጭቃ አቦካሁ፥ ድንጋይ ተሸከምሁ። በሁለተኛው ዓመት የግንቡን ሆድ እንድሞላ፥ ቀጥሎም በሁለት ማዕዘን መካከል በተወጠረው ሲባጎ ልክ ፊቱን እንድደረድር ፈቀዱልኝ። በአራተኛው ዓመት እጄን ይዘው ማዕዘን ማውጣት አስተማሩኝ። ማዕዘኑን ያወቀ ሰው ግንበኛ ነው፤ ሌላው ሲባጎውን መከተል ነው። እሑድና በበዓል ቀን ሂድ ተሳለም ብለው ያሰናብቱኝ ነበር፤ ዓርብ ዓርብም እርሳቸው ለጸሎታቸው ሲሄዱ ሥራውን እኔ እጠብቅላቸው ነበር። አሁን ለእኔም ረዳቶች አሉኝ። ማዕዘኑን ያስተማርሁት ልጅ ግን በዓመቱ ተለይቶኝ ሄደና እኔ የምይዘውን ሥራ በርካሽ ያዘብኝ። ለቀሩት ልደብቃቸው ይገባኛልን? ሁለተኛው ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መሣሪያዬም ያጠራቀምሁትም ሁሉ ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ ባዶ እጄን እናቴ ፊት መቆም አፍሬ አገሬ አልገባሁም። ይህስ ኀጢአት ይሆንብኛልን?»

አንባብያን እንደሚያስታውሱት፥ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ሥር ወድቀው ነበር፤ ከታላላቅ ፋብሪካዎች ጀምሮ እስከ ትንሹ ሱቅ ድረስ ብዙ ንብረት ጠፍቷል። የዚህ ሰው ጥያቄ እንግዲህ የብዙዎች ጥያቄ ነው። መልሱንም ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከአባቶቻችን ታሪክ እንፈልገው።

1. ጥበብ ከማስተማር ጋር የተሰጠ ስለ መሆኑ

እስራኤል ከግብፅ ወጥተው በምድረ በዳ ሳሉ፥ እግዚአብሔር የመገናኛውን ድንኳን እንዲሠሩ ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን፥ ከዳን ነገድም ኤልያብን መረጠ። እነዚህ ሰዎች አገር የሌላቸው መንገደኞች ነበሩ፤ ወገኖቻቸውም ትናንት ለፈርዖን በግድ ጡብ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። እግዚአብሔር ግን በወርቅና በናስ፥ በእንጨትና በሽመና የሚሠሩበትን ጥበብ በመንፈሱ ሞላባቸው። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 35 ቁጥር 34 እንደምናነበው፥ ከእጅ ጥበባቸው ጋር ሌላውን የማስተማር ፈቃድ በልባቸው አኖረ። ሁለቱ ስጦታዎች በአንድ ጊዜ፥ ለአንድ ሰው ተሰጡ። ባስልኤል ጥበቡን ለራሱ ብቻ ይዞት ቢሆን ኖሮ ድንኳኑ በአንድ ሰው እጅ መቼ ያልቅ ነበር?

2. ስለ አቂላና ስለ ጵርስቅላ

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 18 የተጻፈው ታሪክ ደግሞ ለስደተኛ ባለሙያ እጅግ የቀረበ ነው። አቂላ በትውልዱ የጳንጦስ ሰው ሲሆን፥ በኢጣልያ ይኖር ነበር። ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድን ከሮሜ ባስወጣ ጊዜ ከሚስቱ ከጵርስቅላ ጋር ወደ ቆሮንቶስ ተሰደደ። ከአገር ወደ አገር ሲሄድ ቤቱንና ጎረቤቱን ቢተውም፥ ድንኳን የመሥራት ሙያው ግን አብሮት ሄደ። ሐዋርያው ጳውሎስም በሙያ አንድ ስለ ነበሩ በእነርሱ ቤት አረፈ፥ አብሯቸውም ሠራ። ያን ዘመን በቆሮንቶስ የወንጌል ሰባኪ ያደረው በባለጠጋ አዳራሽ ሳይሆን በሁለት ስደተኛ ሠራተኞች ቤት ነው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ወደ ኤፌሶን በሄዱ ጊዜ አጵሎስ የሚባል፥ በንግግር የበረታ የእስክንድርያ ሰው አገኙ። እርሱ የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ያውቅ ነበርና ወደ ቤታቸው ወስደው የቀረውን አስተማሩት። አጵሎስ ከእኛ ይልቅ ታዋቂ ይሆናል ብለው አልከለከሉትም። በእውነትም ከእነርሱ ይልቅ ታዋቂ ሆነ፤ ነገር ግን የአጵሎስ ስም በተነሣ ቁጥር ያስተማሩት ባልና ሚስት አብረው ይነሣሉ።

3. ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ

ምሳሌውን ከሩቅ አገር ብቻ አናምጣ። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የዚህ ትምህርት ሕያው ምስክር ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ የሐይቅ ተወላጅ አልነበሩም። በዳህና ተወልደው፥ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር ከመነኰሱ በኋላ፥ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ሐይቅ መጡ። በሰው አገርም ታላቅ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጥተው ከእግራቸው ሥር ተቀመጡ፤ የጣናው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም አባት ኂሩተ አምላክም ከዚያው የተገኙ ናቸው። ደቀ መዛሙርቱ በየአቅጣጫው ሲበተኑ ሐይቅ አልደኸየም፤ ስሙ የሰፋው እንዲያውም በእነርሱ ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ ያበረከቱት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የስንት እጅ ሥራ መሆኑን እናስብ። ቆዳው ይነከራል፥ በእንጨት ላይ ይወጠራል፥ እስኪሳሳ ይፋቃል፤ ቀለሙ ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ይበጠበጣል፤ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል፤ ጽሕፈቱ ሲያልቅም ይጠረዛል፥ ይደጎሳል። ብራና ፋቂው ወይም ደጓሹ ሙያውን ደብቆ ቢሞት ኖሮ ዛሬ ወንጌሉን የምናነብበት መጽሐፍ ባልኖረን ነበር። እኛም ደበሎ ለብሰን፥ አኮፋዳ አንግተን፥ በሰው አገር ቁራሽ እየለመንን ስንማር፥ እውቀቱን ሳይሰስት የሚሰጥ መምህርም፥ የምልክቱን ቁልፍ ለብቻው ይዞ የሚቀር መምህርም አይተናል። የሁለተኛው ዜማ አብሮት ተቀብሯል።

4. ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እንግዲህ ለግንበኛው ያልነው እንዲህ ነው። ማዕዘን የማውጣት ሙያ ከደላንታ ይዘኸው የመጣህ ርስት አይደለም፤ በእምነት የማይመስሉህ ሽማግሌ በነፃ የሰጡህ አደራ ነው እንጂ። አደራ የተቀበለ ሰው ለሚገባው ሳያስተላልፍ ቢያስቀረው ከዳተኛ ይባላል። እርሳቸው እንዳንተ ፈርተው ቢሆን ኖሮ አንተ ዛሬም ጭቃ አቡኪ ነበርህ።

ነገር ግን በዚህ ብቻ ብናሰናብተው ሸክሙን በእርሱ ላይ ብቻ መጫን ይሆንብናል ብለን፥ «ልጁ ማዕዘን ማውጣት ከጀመረ በኋላ የቀን ዋጋውን ጨምረህለት ነበርን?» ብለን ጠየቅነው። ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶም «የረዳት ዋጋ ነበር የምከፍለው» አለን። ኦሪት የምንዱባኑ ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ታዛለች፤ ዘዳግም 24፥15። ሐዋርያው ያዕቆብም በምዕራፍ 5 ቁጥር 4፥ የተከለከለ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስተምራል። የባለሙያን ሥራ እያሠሩ የረዳት ዋጋ መክፈልም ከዚህ የሚቈጠር ነው። ልጁ በርካሽ ዋጋ መሥራትን ከማን ተማረው?

ስለዚህ ሙያ የሚያስተምር ሁሉ ሦስት ነገር ያድርግ። መጀመሪያ፥ ልጁን ሲቀበል ስንት ዓመት እንደሚያገለግለውና በየዓመቱ ምን እንደሚያስተምረው በሽማግሌ ፊት ይንገረው። ሁለተኛ፥ እጁ በበረታ መጠን ዋጋውን ያሳድግለት። ሦስተኛ፥ የሰንበትን ቀን አይውሰድበት፤ ያ ሽማግሌ ለሌላው እምነት ያከበሩትን እኛ ለገዛ ወንድማችን ብንነፍገው ታላቅ ኀፍረት ነውና። ተማሪውም በበኩሉ የመምህሩን ሥራ ከእጁ አይንጠቅ፤ ራሱን ችሎ ሲወጣም መርቁኝ ብሎ ይውጣ። ሳይመረቅ የወጣ እጅ ሥራ ቢያገኝም ዕረፍት አያገኝም።

5. ለሁለተኛው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

አገር ለመግባት ማፈሩን በጠየቅነው ጊዜ፥ ከባዶ እጅነቱ ሌላ አንድ ነገር ተገለጠልን። ወንድሞቹ አራሾች ናቸው፤ እርሱን ግን «ባለ እጅ ሆነ» ብለው በመንደር እንደሚናገሩበት ሰምቷል። ይህ በአገራችን የኖረ ክፉ በሽታ ነው። አንጥረኛውን ቡዳ፥ ፋቂውን ርኩስ እያልን፥ ማረሻውን ግን ከእርሱ ስንቀበል ኖረናል። እኛ ካህናትም ከዚህ በደል ነፃ ነን አንልም፤ መስቀላችንን ያነጠረውን ሰው ሲሰደብ ሰምተን ዝም ብለናልና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ አዝዘው ነበር። በደሴም የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ እስከ ዛሬ አይጠየፍ ተብሎ ይጠራል። አዳራሹ ሰውን ሁሉ የማይጠየፍ ከተባለ፥ ያንን ግንብ ድንጋይ በድንጋይ የደረደሩትን እጆች የምንጠየፍ እኛ ምን ልንባል ነው? ጌታችን ራሱ የጠራቢ ልጅ መባሉን፥ የናዝሬት ሰዎችም በዚህ ምክንያት እንደ ናቁት በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 13 እናነባለን።

ስለ ባዶ እጅነቱ ግን ኑኃሚንን አሰብንለት። እርስዋ በረኃብ ምክንያት ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ ወጣች፤ በዚያም ባልዋንና ልጆችዋን ቀበረች። ስትመለስ ሞልታ ወጥታ ባዶዋን እንደ ገባች ለአገርዋ ሴቶች ራስዋ ተናገረች እንጂ አልደበቀችም። ጥቂት ቆይታ ሀብት ላግኝና ልግባ ብላ በሞዓብ ብትቀር ኖሮ፥ ሩት ከቦዔዝ ጋር ባልተገናኘች፥ ከዚያም ቤት ዳዊት ባልተወለደ ነበር። የእናት ዐይን አስቀድሞ የሚያየው የልጅዋን ፊት ነው፤ እጁን የሚያየው ጎረቤት ነው። ለጎረቤት ዐይን ብሎ ከእናቱ የቀረ ሰው ግን እናቱን ይበድላል። ደግሞም ወንበዴ የወሰደው መዶሻውንና መሮውን ነው እንጂ ሙያውን አይደለም። እንደ አቂላ ሁሉ፥ ሙያው ከእርሱ ጋር አለ።

ይህ ሰው በመስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያምን በዓል ለማክበር ከሚወጡት ምእመናን ጋር ሄደ፤ ከግሸንም አልፎ ደላንታ ገባ። በተመለሰ ጊዜ እናቱ ምን እንዳለችው ብንጠይቀው «ከስታለህ አለችኝ እንጂ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም» አለን። በሰነበተባቸው ቀናትም የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን የፈረሰ ቅጥር ከሁለት የመንደሩ ልጆች ጋር አቁሞ፥ ቱንቢውን ለእነርሱ ትቶላቸው መጥቷል። ትቶት የሄደው ረዳት ግን እስከ ዛሬ አልታረቀውም፤ ለዚያም ሽማግሌ እንድንልክ ለምኖናል፥ እኛም ጀምረናል።

በሰው አገር የምትሠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ሙያችሁን የሰጣችሁን ሰው አትርሱት፤ በሕይወት ካለ ጠይቁት፥ ከሞተም በየእምነቱ ሥርዓት ቤተ ሰቡን አስቡ። የተቀበላችሁትን ሳትሰስቱ ስጡ፤ ለሠራውም የሠራውን ያህል ክፈሉ። አገራችሁንም ሀብት እስክታገኙ አታቆዩት፤ እናትና አባት ሀብታችሁን ሳይሆን እናንተን እየጠበቁ ያረጃሉና። የማዕዘኑ ራስ የሆነው ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይጠብቅ። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።