ሰላምታን ማስተማር
ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት



የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ በሆነችው በይጁቤ፣ እንደ ሌላው ጎጃም ሁሉ፣ ሰላምታ የማይመልስ ወጣት «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል። ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለው ወጣት ግን ብዙ ጊዜ ንቆ አይደለም። እኛ ፊት አይተን ሳይነገረን የለመድነውን፣ እርሱ በግልጽ ሊማረው ያስፈልጋል።

ሕፃን ሳለ ያገኘውን ሁሉ ሲያቅፍ ይሳቅለታል፤ በ18 ዓመቱ ያንኑ ሲያደርግ ይመታል፣ ወይም ቤት ይዘጋበታል። ቤት የተዘጋበት ደግሞ ከሰው ጋር መኖርን ከማን ይማራል?

የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በ2021 ከዚህ ዓለም እስከ ተለዩ ድረስም ኦቲዝም እርግማን አለመሆኑን በአደባባይ አስተማሩ። ማዕከል በሌለበት ስፍራ እኛስ ምን ልናደርግ እንችላለን?

1. አንድ ነገር ብቻ እንምረጥ። «ጨዋ ሁን» ማለት አያስተምርም። «ስትገባ ‹እንደምን ዋላችሁ› በል፤ ከዚያ ተቀመጥ» ማለት ግን ያስተምራል።

2. በቦታው እናለማምደው። አስቀድመን እናሳየው፤ ቀጥሎ አብረነው እናድርግ፤ በኋላ ብቻውን ይሞክር። በቤት ገንዘብ መስጠትንና መልስ መቀበልን የተማረ፣ በገበያው ጫጫታ መካከል እንደገና መለማመድ ያስፈልገዋል። ከሚያውቀው ነጋዴ ጨው በመግዛት ይጀምር።

3. ዓይን ለዓይን እንዲያይ አናስገድደው። ይህ ብዙዎቹን ያስጨንቃቸዋል። በእኛም ዘንድ ታላቅን አፍጥጦ ማየት ጨዋነት አይደለም።

4. «እምቢ» ማለትን እናስተምረው። ለሁሉ «እሺ» የሚል ሰው ጉልበቱ ያለ ዋጋ ይበዘበዛል፤ ሴቶች ልጆችም ለመደፈር ይጋለጣሉ። ሰውነቱን ያለ ፈቃዱ የሚነካው ቢኖር ለማን እንደሚናገር በስም ይወቅ። የተነገረውም ሰው ይመነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ለእርሱ ብቻ አይደለም፤ ለጎረቤቱም ነው። በአጭር ቃል እንናገረው፤ መልሱን ታግሠን እንጠብቅ። የ30 ዓመት ሰው «ማሙሽ» አይባልም፤ በስሙ እንጥራው። ሲሳሳት በሰው ፊት አንገሥጸው፤ ትክክለኛውን እንደገና እናሳየው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በመካከላችን ከቤት የማይወጣ ወጣት ወይም አዋቂ አለን?

ለ. በዚህ ሳምንት ከቤተሰቡ ጋር ቡና የሚጠራው ማን ነው?

ሐ. በቅድሚያ የምናስተምረው አንድ ነገር ምንድን ነው? እርሱስ ምን መማር ይፈልጋል?