የሚታየውና የሚታመነው፦ በኢማክስ ውስጣዊ አሠራር ላይ የሚወሰዱ ግምቶች

አጠቃሎ
ይህ ጽሑፍ ለኢማክስ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን የሚጽፉ ባለሙያዎች ስለ አርታዒው ውስጣዊ አሠራር ምን ገምተው መነሣት እንደሚችሉ ይመረምራል። ሦስት ለውጦችን በማሳያነት ወስዶ፣ አስተማማኙ ግምት በመመሪያው የተገለጸው ባሕርይ እንጂ በዐይን የሚታየው ቅርጽ አለመሆኑን ያስረዳል።

ቁልፍ ቃላት፦ ኢማክስ፣ ሊስፕ፣ ውስጣዊ ውክልና፣ ተጣጣሚነት

1. መግቢያ
ጂኤንዩ ኢማክስ በ1985 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ የጽሑፍ አርታዒ ነው። አስኳሉ በሲ ቋንቋ፣ አብዛኛው ክፍሉ ደግሞ በራሱ የሊስፕ ቋንቋ ተጽፏል። ተጠቃሚው ማንኛውንም የሊስፕ ፈንክሽን ማንበብ፣ መመርመርና መለወጥ ይችላል። ችግሩ የሚመነጨውም ከዚሁ ግልጽነት ነው፤ ፕሮግራም አዘጋጁ ያየውን ሁሉ ቃል እንደ ተገባለት ይቆጥራል።

2. የፊደል ውክልና
በኢማክስ ቋት ውስጥ ቦታ የሚቆጠረው በፊደል እንጂ በባይት አይደለም። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ለሊስፕ ፕሮግራም 5 ፊደል ነው፤ ዛሬ በማኅደረ ትውስታ የሚይዘው ግን 15 ባይት ነው። ኢማክስ 23 በ2009 እ.ኤ.አ. እስኪወጣ ድረስ ውስጣዊው ኮድ ሌላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ ላይ ተመሠረተ፤ የ«ሀ» ቁጥርም 4608 ሆነ። የቀድሞውን ቁጥር በቀጥታ የጻፈ ፕሮግራም በሽግግሩ ይሳሳታል፤ ፊደሉን ራሱን የጻፈ ግን አይነካም።

3. ሙሉ ቁጥሮች
እስከ ኢማክስ 26 ድረስ ሙሉ ቁጥር የተወሰነ ስፋት ነበረው፤ ከጣሪያው ያለፈ ድምር ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ አሉታዊው ጫፍ ይዞር ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢማክስ 27 ይህን ወሰን በማንሣቱ፣ በመዞሩ ላይ የተመሠረተ ስሌት ሁሉ ውጤቱ ተለወጠ።

ከዚህ የረቀቀው የእኩልነት ጉዳይ ነው። ‹ኢኪው› የተባለው ፈንክሽን ሁለት ነገሮች አንድና ያው መሆናቸውን ይጠይቃል። ትናንሽ ሙሉ ቁጥሮች በዋጋ እኩል ከሆኑ ፈተናውን ሁልጊዜ ያልፋሉ፤ እጅግ ትልልቆቹ ግን እኩል ሆነው ሳለ ላያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ስሕተቱ በሙከራ ጊዜ ተሰውሮ፣ ቁጥሮቹ ሲያድጉ ብቻ ይገለጣል። ለቁጥር አስተማማኙ ‹ኢኪውኤል› ወይም የእኩል ምልክቱ ነው።

4. የስሞች መዝገብና ፈንክሽኖች
ሊስፕ ስሞችን የሚያኖርበት መዝገብ ለረጅም ጊዜ ተራ ድርድር ነበር፤ ፕሮግራም አዘጋጆችም ድርድር ፈጥረው እንደ መዝገብ ይጠቀሙበት ነበር። ኢማክስ 30 ለመዝገቡ የራሱን ዓይነት ሰጠው። በዜሮ የተሞላ አሮጌ ድርድር አሁንም ተቀባይነት አለው፤ በሌላ እሴት የተሞላ ግን አይሠራም። በዚሁ እትም፣ በኮምፓይለር ያላለፈ ፈንክሽን ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ ዓይነት ሆነ። የዝርዝሩን የመጀመሪያ አባል አውጥቶ ፈንክሽን መሆኑን ይለይ የነበረ ፕሮግራም በዚህ ከሸፈ፤ ለዚሁ የተዘጋጀውን መጠይቅ የተጠቀመ ግን አልተቸገረም።

5. ውሉ የት ይገኛል?
የመጀመሪያው ምንጭ የሊስፕ መመሪያው ነው። ሁለተኛው የስም አሰጣጥ ልማድ ነው፤ በስሙ መካከል ሁለት ተከታታይ ሰረዞች ያሉት ፈንክሽን የውስጥ በመሆኑ በማንኛውም እትም ሊለወጥ ይችላል። ይፋዊ ስም ሲሻር ግን በተለምዶ አስቀድሞ ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ይታወጃል፤ ኮምፓይለሩም ያስጠነቅቃል።

በኢማክስ 25 የገባው የሞጁል መገናኛ ውሉን ይበልጥ አጥብቆታል። በሲ የተጻፈ ሞጁል የሊስፕን እሴት ከፍቶ ማየት አይችልም፤ በተሰጡት ፈንክሽኖች በኩል ብቻ ይጠይቃል። አዳዲስ ፈንክሽኖች ከነባሮቹ በስተመጨረሻ ስለሚጨመሩ የቀድሞው ሞጁል አገልግሎቱን ይቀጥላል። ይህ ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ጽሑፍ ወደ ሞጁሉ የሚደርሰው ተቀድቶ ነው።

6. መደምደሚያ
ከሦስቱ ማሳያዎች እንደሚታየው፣ ውክልናው ሲለወጥ የተረፉት ስለ ባሕርይ የጠየቁ ፕሮግራሞች ናቸው። ይሁንና አንዳንድ ጊዜ ይፋዊ መንገድ አይገኝም። ያን ጊዜ የውስጥ ስም መጠቀም ግድ ቢሆን፣ አጠቃቀሙን በአንድ ቦታ መሰብሰብ፣ የስሙን መኖር ከእትም ቁጥር ከመገመት ይልቅ በቀጥታ ማረጋገጥ፣ ይፋዊ መንገድ እንዲከፈትም ለአርታዒው ገንቢዎች ማመልከት ይገባል።