የቤት ማተሚያ መኪና ጽሕፈቱን ሲያደበዝዝ

በአማርኛ ፊደል ደ ከዱ የሚለየው በጎኑ በተቀጠለች አንዲት ጭረት ነው። ስለዚህ ፕሪንተር የሚባለው የቤት ማተሚያ መኪና በጽሕፈቱ መካከል ነጭ መስመር እየተወ ያተመ እንደ ሆነ ጉዳቱ የመልክ ብቻ አይደለም፤ «ሄዱ» የነበረው «ሄደ» ይሆናል፥ ብዙውም ሰው አንድ ይሆናል። ለፈተና የተቀመጠ ሕፃንም ያነበበውን መልሶ ባልበደለው ነጥብ ያጣል።

ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ዓይነት ቀለሙን የሚያወጣው ከጠጉር በቀጠኑ ብዙ ቀዳዳዎች ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፥ ጎባም ከዚያ ትበልጣለች። በበጋ ወራት የባሌ ደጋ አየር ደረቅ ነው፤ ከስንዴውና ከገብሱ አጨዳ የሚነሣውም አቧራ ብዙ ነው። ነገር ግን ቀዳዳውን የአዘጋጉ ስሕተትም ይደፍነዋል። መኪናው በገዛ ቍልፉ ሲዘጋ ቀለም የሚረጨው ራስ ወደ ማዕዘኑ ተመልሶ ክዳኑን ይለብሳል። ከሶኬት ተነቅሎ ወይም መብራት በድንገት ጠፍቶ የቆመ እንደ ሆነ ግን ሳይከደን ሊያድር ይችላል፤ ቀለሙም በቀዳዳው አፍ ይደርቃል። ስለዚህ መብራት በተመለሰ ጊዜ መኪናውን አብርቶ፥ ጥቂት ታግሦ፥ እንደ ገና በቍልፉ መዝጋት ይገባል።

ብዙ ሰው ጽሕፈቱ በደበዘዘ ጊዜ ቀለም አለቀ ብሎ አዲስ ይገዛል። ይህ ችኮላ ነው፤ የመቃ ብዕር ጫፉ ደርቆ እምቢ ሲል ጸሐፊ ብዕሩን ያጥባል እንጂ የቀንዱን ቀለም አይደፋም። አስቀድሞ በኮምፒውተሩ ላይ ቀለም ቈጣቢው የረቂቅ ኅትመት ተመርጦ እንዳይሆን ማየት ነው። ቀጥሎ የቀዳዳውን መፈተሻ ገጽ ማተም፤ የተቈረጠ መስመር ቢገኝበት የማጽጃውን ትእዛዝ አንድ ጊዜ ሰጥቶ ዳግመኛ መፈተሽ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተደርጎ ካልተሻለው አሳድሮ በማግሥቱ መሞከር ይሻላል፤ ማጽዳቱ ራሱ ቀለም ይጠጣልና። መርፌ ማስገባትማ ፈጽሞ ያበላሸዋል። በየሳምንቱ አንድ ባለ ቀለም ገጽ የሚታተምበት መኪና ይህ ችግር እምብዛም አያገኘውም።

በዱቄት ቀለም፥ ማለት በቶነር የሚሠራው አይደርቅም። ጽሕፈቱ በአንድ ወገን የሳሳ እንደ ሆነ ቶነሩን አውጥቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ መወዝወዝ ለጥቂት ቀን ያስተካክለዋል። ፊደሉ በጣት ሲነካ የሚለቅ ከሆነ ወይ ወረቀቱ እርጥብ ነው፥ ወይ ዱቄቱን የሚያጣብቀው ክፍል በሚገባ አይሞቅም። አንድ ነጠብጣብ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ ቢታይ ድራም የሚባለው ተሽከርካሪ ክፍል ቈሽሿል ወይም ተጭሯል፤ የተጫረውን መለወጥ እንጂ መጥረግ አያድነውም።

ወረቀትም በዝናብ ወራት እርጥበት ይስባልና በመጠቅለያው እንዳለ፥ ከወለል ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ይገባዋል።

የደበዘዘ ገጽ በማባዣ መኪና ሲበዛ ይብስበታል እንጂ አይጠራም። ስለዚህ መምህሩ ፈተናውን ከማባዛቱ አስቀድሞ የመጀመሪያውን ገጽ በመስኮት ብርሃን ይዞ፥ ይልቁንም ካዕቡንና ሣልሱን እየለየ፥ ቃል በቃል ያንብበው።