ውሃ ውስጥ የተደበቀን እርሳስ እንዴት እንይዘዋለን?

በውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ጉዳቱ ግን በተለይ በሕፃናት አእምሮ ላይ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው የመመሪያ ልክ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ እጅ ነውና፣ ፍለጋው ከጤፍ ክምር ውስጥ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንደ መልቀም ነው። በነበልባል የሚሠራው የአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያም በዚህ መጠን አካባቢ የሚሰጠው ንባብ አያስተማምንም።

ታዲያ ምን ይሻላል? «ውሃውን አፍልተን እናሳንሰው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ውሃው ሲተን ሶዲየሙም ካልሲየሙም አብረው ይከማቹና ምርመራውን ያውካሉ። የምንፈልገው እርሳሱን ለይቶ የሚይዝልን ነገር ነው። ይኸውም ኬሌት ሠሪ ረዚን ነው።

ኬሌት የሚለው ቃል መነሻው ግሪክ ነው፤ የሸርጣን መቆንጠጫ ለማለት ነው። እኛ በአገራችን ቃል የአንጥረኛ ጉጠት ብንለው ያስኬዳል። ረዚኑ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብል ሲሆን በላዩ ላይ ኢሚኖዳይአሴቴት የተባለ ክፍል ተያይዞበታል። ይህ ክፍል በአንድ ናይትሮጅንና በሁለት ኦክስጅን የእርሳሱን አዮን ጠፍሮ ይይዛል። ሶዲየም ግን እንዲህ አይያዝም። ራይሊና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 በዚህ ዓይነት ረዚን ከባሕር ውሃ ብረታ ብረት የመሰብሰቢያ ዘዴ አሳትመዋል።

አሠራሩ በአጭሩ እነሆ፦

1. የናሙናውን ፒ ኤች በአሞኒየም አሴቴት 5.5 አካባቢ ማድረስ። አሲዱ ከበዛ የሃይድሮጅን አዮን ቦታውን ቀድሞ ይይዝና እርሳሱ ያመልጣል።
2. 1 ሊትር ናሙና ረዚን በያዘ ቀጭን ቱቦ ቀስ አድርጎ ማሳለፍ። መቸኮል የለም!
3. ላላ ብለው የተያዙትን ካልሲየምና ማግኒዚየም በአሞኒየም አሴቴት ማጠብ።
4. እርሳሱን በ10 ሚሊ ሊትር፣ 2 ሞላር ናይትሪክ አሲድ ማስለቀቅ።

በ1 ሊትር የነበረው በ10 ሚሊ ሊትር ገባ ማለት ክምችቱ 100 እጥፍ አደገ ማለት ነው። አሁን መሣሪያው በደንብ ያነበዋል።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ከአሲዱ፣ ከጠርሙሱ፣ ከአቧራው የገባ እርሳስም አብሮ ይቆጠራል። የመሬትን ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳወቀው አሜሪካዊው ክሌር ፓተርሰን በዚሁ ጣጣ ብዙ ደክሟል። ንጹሕ ቤተ ሙከራ አደራጅቶ ሲሠራ፣ ቀደም ሲል ስለ ባሕር ውሃ እርሳስ የተነገሩት ቁጥሮች ከእውነቱ እጅግ የተጋነኑ መሆናቸው ታወቀ።

ስለዚህ ሁለት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። በምሳሌ እንየው። የመጨረሻው ፈሳሽ በሊትር 1.1 ሚሊግራም አነበበ እንበል። በ100 ሲካፈል የውሃው እርሳስ በሊትር 11 ማይክሮግራም ይሆናል፤ ከልኩ በላይ ነው። ናሙና ሳይኖረው በዚያው መንገድ ያለፈው ባዶ ግን 0.2 አነበበ። ሲቀነስ 9 ይቀራል፤ ከልኩ በታች ሆነ! ቀጥሎ በሌላ ሊትር ናሙና ላይ 8 ማይክሮግራም እርሳስ ጨመርን፤ ተመልሶ የተገኘው 6 ብቻ ነው፣ ማለትም 75 በመቶ። እንግዲህ 9 ለ0.75 ሲካፈል 12 ይሆናል፤ እንደገና ከልኩ በላይ! አንዱን ማረጋገጫ ብቻ ይዞ የቆመ ሰው የተበከለውን ውሃ «ጠጡት» ባለ ነበር።

ነገ ክፍል ስንገባ ተማሪው ቁጥር ይዞ ሲመጣ «ጎበዝ» ከማለታችን በፊት «ባዶውስ ስንት አነበበ? የጨመርከውስ ስንቱ ተመለሰ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

መልመጃ፦ ከላይ ባለው ምሳሌ ባዶው 0.4 ቢያነብና ሌላው ሁሉ እንዳለ ቢሆን፣ ውሃው ከልኩ በላይ ነው ወይስ በታች? ሠርታችሁ ተከራከሩበት።