የአደጋን ምልክት ለልጆች ስለ ማስተማር

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። ትርጓሜውም ጥፋት ከመድረሱ አስቀድሞ ምልክቱን ዐውቆ መዘጋጀት ይገባል ማለት ነው። ይህም ዕውቀት በመጽሐፍ ብቻ ተጽፎ ቢቀመጥ አይበቃም፤ በየቤቱ በየዕለቱ ሊነገር ይገባዋል።

ለዚህ ነገር ምስክር የምትሆነን በኢንዶኔዢያ አገር በሱማትራ አጠገብ ያለችው የሲሜሉዌ ደሴት ናት። በ1899 ዓ.ም. በዚያ ምድር ተናወጠች፤ ወዲያውም ታላቅ የባሕር ማዕበል ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ አጠፋ። የተረፉትም ማዕበሉን «ስሞንግ» ብለው ጠሩት፤ ምድር በብርቱ ስትናወጥ፥ ባሕርም ወደ ኋላው ሲሸሽ፥ ሳይዘገዩ ወደ ኮረብታ መሮጥ እንደሚገባ ለልጅ ልጆቻቸው በተረት አወረሱ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ያው ምልክት ዳግመኛ በታየ ጊዜ ሕዝቡ «ስሞንግ» እያለ እየጮኸ ወደ ኮረብታ ወጣ። ከ70 ሺሕ ከሚበልጠው ሕዝብ የሞቱት 7 ብቻ ናቸው። ይህን ትምህርት ባልወረሰው በሱማትራ ጠረፍ ግን በዚያው ቀን ከ100 ሺሕ የሚበልጥ ሰው አለቀ።

የእኛ ደጋ ከባሕር የራቀ ነው፤ ነገር ግን ጎርፍና ናዳ አለብን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ወድቆ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱም ብዙዎቹ አስቀድመው የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሲቈፍሩ ሁለተኛ ናዳ የወደቀባቸው ናቸው። ደግነታቸውን ማንም አይነቅፍም፤ ደግነትን ግን ዕውቀት ሊጠብቃት ይገባል።

ስለዚህ በተዳፋት ሥር የሚኖር ሰው እነዚህን ምልክቶች ይወቅ፤

፩ኛ፤ መሬት ሲሰነጠቅ፤
፪ኛ፤ ዛፍና ዐጥር ወደ አንድ ወገን ሲዘም፤
፫ኛ፤ ባልነበረበት ሥፍራ ውሃ ሲፈልቅ፥ ወይም የጠራ ምንጭ ሲደፈርስ።

ይህን ያየ ሰው ለጎረቤቱ ተናግሮ ከተዳፋቱ ሥር ፈጥኖ ይራቅ። ናዳ ከወደቀም በኋላ ሕዝብ ሁሉ በአንድነት አይግባበት፤ ወደ ላይ የሚመለከት ጠባቂ ይቁም።

መምህር ሆይ፥ ሬዲዮ ማስጠንቀቂያ ቢያሰማም ትርጓሜውን አስቀድሞ ያልተማረ ሰው ከቤቱ አይነሣም። እርስዎ በክፍልዎ፥ ሽማግሎችም በእድር፥ በገበያና ከጸሎት መልስ ይህን ይናገሩ። ልጆችም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ግጥም ይግጠሙ፤ ለምሳሌ፤

መሬት ሲሰነጠቅ ዛፉም ሲዘነበል፥
ልጅህን ይዘህ ውጣ ከብቴ ቤቴ ሳትል።

ልጅ የዘመረውን እናት ትሰማለች፤ እናት የሰማችውን ጎረቤት ይሰማል።

ጥያቄ። በመንደራችሁ ከዚህ ቀደም ጎርፍ ወይም ናዳ የደረሰው በየትኛው ሥፍራ ነው? ሽማግሎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።